ድራፍቱ አረፋ ብቻ ሲሆንባችሁ፦ የቤት ቢራን በባሕር ዳር በሥርዓቱ መቅዳት

ቢራውን ራሳችሁ ጠመቃችሁት። ፈላ፣ ጠራ፣ በርሜል ውስጥ ገባ፣ ጋዝ ተሰጠው። ቅዳሜ ማታ ጓደኞቻችሁ ተሰብስበው ቧንቧውን ስትከፍቱ ግን ብርጭቆው በአረፋ ይሞላል። አረፋው እስኪወርድ ትጠብቃላችሁ። ሲወርድ ከሥር የሚቀረው ሁለት ጣት የማይሞላ ቢራ ነው። የቀረውም ጋዙ ሞቷል።

ብዙ ጊዜ ቢራው ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው ከበርሜሉ እስከ ብርጭቆው ባለው መንገድ ላይ ነው። ያንን መንገድ ደግሞ በትዕግሥትና በትንሽ ስሌት ማስተካከል ይቻላል። ይህን የጻፍኩት በ19 ሊትር በርሜል፣ በአንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደርና በፍሪጅ ቤታቸው ለሚቀዱ ሰዎች ነው። ትንሽ ግሮሰሪ ከፍታችሁ ድራፍት የምትሸጡ ብትሆኑም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ሬጉሌተሩን ለጊዜው አትንኩት

አረፋ ሲበዛ የሁሉም ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሬጉሌተሩ (ከሲሊንደሩ የሚወጣውን የጋዝ ግፊት ወደሚያስተካክለው ዕቃ) ነው። ግፊቱን ቀነስ ያደርጉታል። ሁለት ሦስት ብርጭቆ በርግጥም ይሻሻላል፤ ቢራው ዝግ ብሎ ስለሚወርድ ነው። በማግስቱ ግን ይብሳል።

አረፋ የሚመጣው ቢራው ውስጥ የሟሟው ጋዝ ጊዜው ሳይደርስ ሲወጣ ነው። ጋዙን ቢራው ውስጥ ይዘው የሚያቆዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቅዝቃዜና ግፊት። አንድ የቀዘቀዘና አንድ ፀሐይ የመታው አምቦ ውሃ ጎን ለጎን ብትከፍቱ የቅዝቃዜን ሥራ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የግፊት ሥራም እንዲሁ ነው። ግፊቱን ስትቀንሱ ጋዙ ገና ቢራውን ከበርሜሉ ወደ ቧንቧው በሚወስደው ጎማ ውስጥ እያለ ከቢራው መለየት ይጀምራል። ቧንቧው ጋ ሲደርስ ግማሹ ቢራ፣ ግማሹ አረፋ ሆኖ ይመጣል። ቀናት ሲያልፉ ደግሞ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ቢራ ራሱ ጋዙን እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ አረፋውም አይቀርም፣ ቢራውም ይሞታል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ግፊት፣ ከዚያ ጎማ፣ በመጨረሻ ንጽሕና። ይህን ተራ አትዝለሉ። አንዱን ሳታስተካክሉ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ የትኛው እንደሠራ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

1. አረፋው መቼ እንደሚመጣ እዩ

ማንኛውንም ዕቃ ከመፍታታችሁ በፊት ሦስት ብርጭቆ ተከታትላችሁ ቅዱና ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ብቻ አረፋ ሆኖ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደህና ከሆኑ፣ በርሜሉ ጤነኛ ነው። የሞቁት ቧንቧውና ጎማው ናቸው። ሦስቱም አረፋ ከሆኑ ቢራው ሞቋል፣ ወይም ጋዝ በዝቶበታል፣ ወይም ጎማው አጥሯል። ቧንቧው ቢራና አየር እያቀላቀለ የሚተፋ ከሆነ ደግሞ በርሜሉ እያለቀ ነው፤ ካልሆነም አንድ ቦታ ጋዝ ሾልኮ ወደ ቢራው መስመር እየገባ ነው።

ጎማው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ እሱን ተመልከቱት። ሳትቀዱ ቆይታችሁ ከላይ በኩል የጋዝ ኪስ ከተጠራቀመበት፣ ለቢራው ሙቀት ግፊቱ አንሷል ማለት ነው። ስትቀዱ ከበርሜሉ መጋጠሚያ ጀምሮ ጥቃቅን አረፋ በሰልፍ ከመጣ ግን ጥፋቱ መጋጠሚያው ጋ ነው። ደረጃ 6ን አንብቡ።

2. የፍሪጁን ሳይሆን የቢራውን ሙቀት ለኩ

ከአሥር የአረፋ ችግር አብዛኛው እዚህ ያልቃል ብዬ አምናለሁ።

የፍሪጁ ቁጥር የሚነግራችሁ የአየሩን ሙቀት ነው። አየሩ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይለዋወጣል። 19 ሊትር ቢራ ግን ለመቀዝቀዝም ለመሞቅም ሰዓታት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ቅዱና ወደ ጎን አድርጉት። ሁለተኛውን ወዲያው ቅዱና የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ክተቱበት። የትኩሳት መለኪያ ለዚህ አይሆንም፤ ይህን ያህል ቀዝቃዛ ነገር አያነብም። የምንፈልገው ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 7 ወይም 8 ካነበባችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ከገበያ ወይም ከጓዳ የመጣ ሙሉ በርሜል እስከ መሐሉ ለመቀዝቀዝ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ፍሪጁ አሮጌ ከሆነ ከዚያም በላይ። ለቅዳሜ ማታ የሚፈለግ በርሜል ሐሙስ ማታ ፍሪጅ ይግባ። በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ተንጦ የመጣ ከሆነማ ይህ ቀን ለቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን ለማረፍም ያስፈልገዋል።

የባሕር ዳር ሙቀት ከመጋቢት እስከ ግንቦት 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ፍሪጁ ራሱ መተንፈሻ ይፈልጋል። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ከኋላ ያለውን አቧራ ጥረጉለት።

ሁለተኛው ብርጭቆ 4 ዲግሪ ሆኖ የመጀመሪያው 10 ከሆነ፣ ችግሩ ከፍሪጁ ውጭ ያለው ብረት ነው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳል፤ ቧንቧውና ጎማው ደግሞ ላይ ናቸው። መፍትሔው አየሩን ማንቀሳቀስ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቶች ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፋን አያጡም። እሱን ፍሪጁ ሥር አስቀምጣችሁ፣ በአንድ የፕላስቲክ ቱቦ ቀዝቃዛውን አየር ቧንቧው ወደተገጠመበት ከፍታ ላኩት። ጎማውንም ከበሩ ጎን አንሥታችሁ በርሜሉ አናት ላይ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። በዚህ ብቻ የመጀመሪያው ብርጭቆ ከሁለተኛው ጋር ሊመሳሰል ይችላል።

3. ግፊቱን ለጣና ዳር አስተካክሉ

ቢራ ጠማቂዎች የሚጠቀሙባቸው የግፊት ሰንጠረዦች የተሠሩት በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ይህ ልዩነት በአረፋ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ስለሱ የሚነግራችሁ ሰው ግን ብዙም አታገኙም።

ጌጁ፣ ማለትም ሬጉሌተሩ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ፣ የሚያሳየው በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 1 ባር ገደማ ሲሆን እኛ ጋ 0.8 ባር ገደማ ነው። ጋዙ ቢራው ውስጥ የሚሟሟው ግን በጠቅላላው ግፊት መጠን ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ 0.75 ባር ካለ፣ እኛ ጌጁን 0.95 ላይ ማድረግ አለብን። 0.2 ባር ጨምሩ፤ ሕጉ ይኸው ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ከፍታችሁ ስለሚበልጥ ሩብ ባር ያህል ጨምሩ።

አሁን ስሌቱን ለእናንተ ሠርቼ ላስቀምጥ። ለተለመደ ቀለል ያለ ቢራ በሊትር 4.7 ግራም ገደማ ጋዝ ይበቃዋል። ይህን መጠን ባሕር ዳር ላይ ለመያዝ ጌጁ እንዲህ ማንበብ አለበት፦

ቢራው 2 ዲግሪ ከሆነ 0.8 ባር
4 ዲግሪ ከሆነ 0.95 ባር
6 ዲግሪ ከሆነ 1.05 ባር
8 ዲግሪ ከሆነ 1.2 ባር

ጌጃችሁ በፒ.ኤስ.አይ. የሚያነብ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ነው።

ቁጥሮቹን እዩአቸው። በሰንጠረዡ ላይ ያለውን 0.75 ባር እንዳለ ወስዶ፣ 6 ዲግሪ በሆነ ፍሪጅ የሚቀዳ ሰው 0.3 ባር ጎድሎበታል። ሌሊቱን ጎማው ውስጥ ጋዝ ይጠራቀማል። ጠዋት ላይ አረፋ ይተፋል። ሰውየው ደግሞ ግፊት በዛ ብሎ የበለጠ ይቀንሳል!

ከፍታው አንድ ሌላ ነገርም ያመጣል። ቢራው ከቧንቧው ወጥቶ የሚያገኘው አየር ቀለል ያለ ስለሆነ ጋዙ ለመውጣት ይበልጥ ይቸኩላል። ለዚህ ነው እዚህ ቢራውን በጣም ባለ ጋዝ አድርጎ መሥራትን የማልመክረው። የስንዴ ቢራ ለምትወዱ፣ ብዙ ጋዝ የሚፈልግ ስለሆነ ጎማውን ከሌላው ጊዜ ማስረዘም ይኖርባችኋል።

ስለ ሲሊንደሩ ሁለት ነገር ልጨምር። በሬጉሌተሩ ላይ ያለው ሁለተኛው ጌጅ፣ የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየው፣ በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ ያነባል። ሲሊንደሩ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ወደ 38 ባር ይወርዳል። ጋዝ ሾልኮ አይደለም፤ ቀዝቅዞ ነው። ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ይህ ጌጅ ስለማይቀንስ ምን ያህል ጋዝ እንደቀረ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሲሊንደሩን መዝኑት። ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እንዳይወድቅም በገመድ ወይም በሰንሰለት ይታሰር። ያለ ሬጉሌተር በጭራሽ ከበርሜል ጋር አታገናኙት። ሲያስሞሉም ለምግብና ለመጠጥ የሚሆን ጋዝ እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ተናገሩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ሾልኮ ከወጣ ወለል ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ አታኑሩት።

4. ጋዝ የበዛበትን ቢራ አስተንፍሱት

ሙቀቱ 4 ዲግሪ፣ ግፊቱ 0.95 ባር ሆኖ አሁንም አረፋ ከሆነ፣ ቢራው ከዚህ በፊት ጋዝ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚመጣው ከችኮላ ነው። ሰዎች በአንድ ሌሊት ለማድረስ ግፊቱን 2 ባር ያደርጉና በርሜሉን ይነቀንቁታል። አንዳንዴ ይሳካል። ብዙ ጊዜ ግን ከልኩ ያልፋል። 0.95 ባር ላይ ሰክታችሁ ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ብትተዉት ግን ራሱ ልኩ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ሊወስድ አይችልም።

ለማረጋገጥ ጋዙን ከበርሜሉ ንቀሉ። በርሜሉ በቅዝቃዜው እንዳለ 12 ሰዓት ያህል ይቆይ። በርሜል ላይ የሚሰካ ትንሽ ጌጅ ካላችሁ ሰክታችሁ አንብቡ። 4 ዲግሪ ላይ 1.4 ወይም 1.5 ባር ካሳየ ጋዙ በዝቷል።

ማስተንፈሱ እንዲህ ነው። ጋዙ እንደተነቀለ፣ ክዳኑ ላይ ያለውን የግፊት መልቀቂያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። በርሜሉ ሙሉ ከሆነ አረፋው በመልቀቂያው በኩል ሊወጣ ስለሚችል ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ድምፁ ሲያቆም ዝጉት። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ጋዙ ከቢራው ወጥቶ ባዶውን ቦታ እንደገና ይሞላዋል፤ ደግማችሁ ልቀቁ። አንድ ሙሉ ቀን እንዲህ እያደረጋችሁ ቆዩ። ከዚያ 0.95 ባር ላይ መልሳችሁ ስኩትና ቅመሱት። አንድ ቀን ካልበቃ ሁለተኛ ቀን ድገሙት።

ጋዙ ተነቅሎ ሳለ የበርሜሉ ግፊት በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ ነገሩ ሌላ ነው። ፍላቱ አላለቀም፤ ወይም ያልተፈለገ እርሾ ገብቶበታል። ለወደፊቱ ሃይድሮሜትሩ (የቢራውን ጥግግት የሚለካው መሣሪያ) ሦስት ቀን በተከታታይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሳያሳይ ቢራውን በርሜል ውስጥ አታስገቡ።

ሬጉሌተሩም ይሰርቃል። 0.95 ላይ አድርጋችሁት ጠዋት 1.3 ካገኛችሁት፣ የውስጥ መዝጊያው አልቋል። ወደሚጠግን ሰው ውሰዱት ወይም ቀይሩት። ከዚህ ጋር አትታገሉ፤ በቤት የሚሠራ አይደለም።

5. ጎማውን ለኩ

በርሜሉ ውስጥ 0.95 ባር አለ፤ ብርጭቆው ጋ ምንም። ይህ ሁሉ ግፊት በአንድ ጊዜ ቧንቧው ጋ ከተለቀቀ ቢራው ይፈነዳል። ጎማው እንደ ቁልቁለት መንገድ ፍሬን ነው፤ ግፊቱን ቀስ በቀስ በሰበቃ ያስጨርሰዋል። ስለዚህ ጠባብና ረጅም መሆን አለበት።

የውስጥ ስፋቱ 4.8 ሚሊሜትር ለሆነ ጎማ ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ከበርሜሉ ጋር የመጣለትን አንድ ሜትር ተኩል ጎማ እንዳለ ይጠቀማል፤ ይህ አጭር ነው። የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር ከሆነ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ሦስት እጥፍ ያህል ርዝመት ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ጎማ ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ይጨርሳል። ስለዚህ ጠባቡን ፈልጉ። በየውሃ ዕቃ መሸጫው የሚገኘው ጎማ ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፤ ጣዕሙም ቢራው ላይ ይወጣል። ለምግብ የሚሆን መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ።

ጎማ ስትገዙ የምትለኩት የውስጡን ቀዳዳ ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ የውጭውን ሊሆን ይችላልና ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ።

በ4 ሜትር ጀምሩ። ቅዱ። ግማሽ ሊትር ለመቅዳት 10 ሰከንድ ገደማ ከወሰደ ልክ ነው። በጣም ከዘገየ 20 ሴንቲሜትር ቁረጡና ደግማችሁ ሞክሩ። የረዘመ ጎማ ጉዳቱ መዘግየት ብቻ ነው፤ ያጠረ ግን አረፋ ነው። የተቆረጠ ደግሞ አይቀጠልም፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ራሱ አረፋ ይፈጥራል።

ቧንቧው ከበርሜሉ በላይ በሆነ በየአንዱ ሜትር 0.1 ባር ይቀነሳል። በርሜሉ ወለል ላይ ሆኖ ቧንቧው ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ይህን ሒሳብ ውስጥ አስገቡት፤ ጎማው 30 ወይም 40 ሴንቲሜትር ቢያጥር ችግር የለውም።

ጎማው ጫፍ መጋጠሚያው ላይ አልገባ ካለ ለአንድ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሲለሰልስ በቀላሉ ይገባል። በቢላ አታስፉት፤ በዘይትም አትቀቡት።

6. የሚያሾልክ ቦታ ፈልጉ

ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጡና በብሩሽ በጋዙ መጋጠሚያዎች ሁሉ ላይ ቀቡ። አረፋ የሚሠራበት ቦታ ይሾልካል። ፋሼታውን (ጎማውን መጋጠሚያው ላይ የሚያስረውን ቀለበት) በካቻቢቴ አጥብቁ።

የቢራው በኩል ግን በሳሙና አይታወቅም። የ19 ሊትሩ በርሜል ሁለት መጋጠሚያ አለው። ከአንዱ ሥር አጭር ቱቦ አለ፤ እሱ የጋዝ ነው። ከሌላው ሥር እስከ በርሜሉ ወለል የሚወርድ ረጅም ቱቦ አለ፤ እሱ የቢራ ነው። ስታጥቡ ቱቦዎቹ ተለዋውጠው ከተገጠሙ ከላይ ያለው ጋዝ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ረጅሙ ቱቦ አንገት ላይ ያለው ትንሽ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ካረጀም እንደዚያው ነው፤ ጋዙ በጎን ገብቶ ከቢራው ጋር ይቀላቀላል። በደረጃ 1 ያያችሁት የአረፋ ሰልፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ለመጠገን መጀመሪያ ጋዙን ንቀሉና ግፊቱን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ይህን ሳታደርጉ ቁልፍ አታንሡ፤ መጋጠሚያው ከነግፊቱ ፊታችሁ ላይ ሊወረወር ይችላል። ከዚያ መጋጠሚያውን ፍቱ፣ ቱቦውን አውጡ፣ ኦሪንጉን ቀይሩ። ተመሳሳይ ስፋትና ውፍረት ያለው ይሁን፤ አሮጌውን ይዛችሁ ብትሄዱ ይቀላል። ቫዝሊን አትቀቡበት። ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ብዙ ዓይነት ጎማ ያሳብጣል፣ ያበላሻልም። ለምግብ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ካላገኛችሁ በውሃ አርሳችሁ መግጠም ይሻላል።

እግረ መንገዳችሁን መጋጠሚያው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ባለ ሞላ መዝጊያ እዩአት። የሆፕስ ወይም የጌሾ ፍርፋሪ ከተጠመደባት ቢራው እየተፍጨረጨረ ያልፋል፣ አረፋም ይሆናል።

7. ቧንቧውና ብርጭቆው

ቧንቧውን በአንድ እጅ ጎትታችሁ እስከ ጥግ ክፈቱት። ግማሽ የተከፈተ ቧንቧ ሁልጊዜ አረፋ ይሰጣል። ብርጭቆውን አዘንብሉና ቢራው ጎኑን ይዞ ይውረድ፤ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ቀና አድርጉት። ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር አረፋ መኖሩ መልካም ነው። ሽታውን የሚያመጣላችሁ እሱ ነው፤ ለማጥፋት አትሞክሩ።

ብርጭቆው ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት ካለበት ሌላው ሁሉ ድካም ነው። ወጥ በነካ ስፖንጅ አይታጠብ። ከመቅዳታችሁ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት። የሞቀ ብርጭቆ ላይ አትቅዱ፤ በረዶ የጋገረበትም አይሁን።

8. መስመሩን እጠቡ

በየሁለት ሳምንቱ፣ በርሜል በተቀየረም ቁጥር፣ ጎማውና ቧንቧው ይታጠቡ። በጎማው ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ዝቃጭ ሸካራ ነው፤ ጋዙ እዚያ ላይ እየተንጠለጠለ ይወጣል። ቧንቧው ውስጥ የደረቀ ቢራም እንደዚያው።

ለቢራ መስመር ተብሎ የተሠራ ማጠቢያ ካላችሁ በሱ ተጠቀሙ። ካልሆነ 2 በመቶ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ይሠራል፤ ማለትም በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 20 ግራም። ይህ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ነገር ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳታደርጉ አትንኩት። ልጆች በአካባቢው አይኑሩ። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ ሶዳው አይደለም። አሉሚኒየም ዕቃ ውስጥ አትበጥብጡት።

በርሜሉን በዚህ ውሃ ሞላ አድርጋችሁ በዝቅተኛ ግፊት በመስመሩ አሳልፉት። 15 ደቂቃ ጎማው ውስጥ ይቆይ። ከዚያ በርሜሉንም መስመሩንም በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አጥቡ፤ የሚወጣው ውሃ በጓንቱ ጣት መካከል እንደ ሳሙና ማንሸራተቱን እስኪያቆም። ቧንቧውን ፈታታችሁ በትንሽ ብሩሽ ፈትጉት።

በረኪና በማይዝግ ብረት በርሜል ውስጥ አታሳድሩ፤ ብረቱን ይበሳሳዋል። ከአሲድም ጋር ከቶ አታቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

9. መብራት ሲሄድ

መብራት እንደሄደ የሲሊንደሩን ዋና መዝጊያ ዝጉና የፍሪጁን በር አትክፈቱ። ሙሉ የቀዘቀዘ በርሜል ለጥቂት ሰዓት ራሱን ይችላል። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ በረዶ ሆኖ ፍሪዘር ውስጥ ይኑር። መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ በርሜሉ ጎን ደርድሯቸው፣ አንዱንም የጎማው ጥቅልል ላይ ጣል አድርጉ።

ቢራው ሲሞቅ በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ይህ ተፈጥሮው ነውና በመልቀቂያው አታስወጡት። ጋዙ ቢቀዘቅዝ ተመልሶ ቢራው ውስጥ የሚገባ ነው፤ ከለቀቃችሁት ግን ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ፍሪጁ ወዲያው ይጮሃል፣ አየሩም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀዘቅዛል። ቢራው ግን ገና ነው። እንግዳ ቢኖርም ይጠብቅ። ሲሊንደሩን የምትከፍቱት፣ የምትቀዱትም ሁለተኛው ብርጭቆ 4 ዲግሪ ሲያነብ ነው።